የነጋሽ አፍንጫ

«ከጉሮሮዋ የወረደው የመጨረሻ ነገር የእኔ አብሽ ነው» አሉ እማማ ከበቡሽ፣ ገና ፍራሹ ላይ ተደላድለው ላልተቀመጡት ለቅሶ ደራሾች። «በማር መትቼ ሰጠኋት። ግጥም አድርጋ ጠጥታ ‹እማማ፣ ይደገመኝ› አለችኝ። ደስ ብሎኝ ደገምኩላት።»

«እሰይ» አለች ጎረቤታቸው አስቻለች። «እንኳን አንጀቷ ርሶ ሄደች። ተርባ ብትሄድ ይቆጭዎት ነበር።»

«እንዴታ! በባዶ ሆዷ ብትሄድብኝማ እኔስ ምን እሆን ነበር?»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ነጋሽ እድሩ በተከለው ድንኳን ጥግ፣ ከቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሁሉን ይሰማል። ልጁ ሀሌሉያ ከተቀበረች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። እናቱ ግን ይህችን የአብሽ ነገር ለገባ ሰው ሁሉ ሲናገሯት አምስተኛ ጊዜያቸው ነው፤ በተናገሯት ቁጥር እሱ ጥርሱን ይነክሳል። ምን እየተናገሩ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

ድንገት ከጓሮ የበርበሬ ጢስ መጣ። አንዷ ለለቀስተኛው ወጥ በርበሬ ታምሳለች። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ወንዶች ተራ በተራ አስነጠሱ። ነጋሽም አስነጠሰ፤ ካስነጠሰ በኋላ ግን ፈዞ ቀረ። በዚህ ግቢ በርበሬ ከታመሰ ሰባት ዓመት አልፎታል። የጎረቤት ሴቶች እንኳ ብረት ምጣዱን ከመጣዳቸው በፊት ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ ያዩ ነበር፤ ወይም በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ነጋሽ ወጥቷል?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ዛሬ የጠየቀ የለም። ምን ብለው ይጠይቁ? የሚጠበቅ አፍንጫ የለም።

ልማዱን ያልረሳ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የታችኛው አጥር ጎረቤቱ ጋሼ ኤርጎ፣ የአሪ ሽማግሌ፣ ሱረቱን መሳብ ሲያምረው ከመቀመጫው ተነሣ። የሱረት ቆርቆሮውን በመዳፉ ሸፍኖ፣ ከድንኳኑ ወጥቶ፣ ሙዙ ሥር ቆሞ ሳበ። ዓይኑን ጠራርጎ፣ እጁን ውሃ አስነክቶ ተመለሰ። ሰባት ዓመት እንዲሁ ነበር የሚያደርገው።

ነገሩ የተጀመረው ሀሌሉያ አራት ዓመት ሲሞላት ነው። በተራ ጉንፋን ሰበብ ሁለት ጊዜ ራሷን ስታ፣ ሁለት ጊዜ በእግዜር ቸርነት ተመለሰች። በሦስተኛው ነጋሽና ሚስቱ ሩቲ ልጃቸውን ታቅፈው አዲስ አበባ ወጡ። ደሟ ውጭ አገር ተልኮ መልሱ በሁለት ወሩ መጣ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች። ስትናገር አትቸኩልም።

«በመቶ ሺህ ልጆች መካከል አንድ እንኳ ላይገኝ የሚችል በሽታ ነው» አለቻቸው። «ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ ሲገባላት ሰውነቷ መፍጨቱን ይጀምረዋል፣ አይጨርሰውም። ያልተፈጨው ተጠራቅሞ አንጎሏን ይመርዛል። በደህናው ቀን በልክ ከሰጣችኋት እንደ ማንኛውም ልጅ ትማራለች፣ ትጫወታለች። የሚነሣባት ጉንፋን ወይ ትኩሳት ሲይዛት፣ ምግብ ሳትበላ ስትቀር ነው።»

«መነሣቱን በምን እናውቃለን?» አለ ነጋሽ።

«በደም የሚለካው ምርመራ እናንተ አገር አይደለም፣ እዚህም የለም። ግን መርፌ ሳይነካት የሚታወቅበት መንገድ አለ። በሽታው ሲነሣ ሽንቷና ላቧ የተቃጠለ ስኳር ይሸታል። እግሯም ይንገዳገዳል። ጠዋት ጠዋት አሽትቷት፣ መስመር ላይ አራምዷት። ሽታው ከመጣ ስኳር በውሃ እየሰጣችሁ ይህን ደብዳቤ ይዛችሁ ሆስፒታል ሩጡ። ግማሽ ቀን እንኳ አትጠብቁ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «በትንፋሽ ብቻ የሚለዩ መሣሪያዎች እየተሞከሩ ነው አሉ። እስኪመጡ ድረስ ከሁለት አንዳችሁ መሣሪያ መሆን አለባችሁ።»

ሩቲ ከልጅነቷ ጀምሮ ሳይነስ አለባት፤ ቡና ቢያርም አይሸታትም። ስለዚህ መሣሪያው ነጋሽ ሆነ።

ሲጋራውን እዚያው አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ ጣለ። ወደሚኖሩባት ጂንካ ሲመለስ ደግሞ ቫርኒሹን ተወ። አናጢ ቫርኒሽ ትቶ እንዴት ይኖራል? «ቁም ሣጥኑ ደርሷል፣ ማስቀባቱን ግን ሌላ ጋ» እያለ ደንበኛ ሸኘ፤ የተሸኘው ደንበኛ ሳይመለስ ቀረ። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀበት፤ «ነጋሽ ላፍንጫው ኢንሹራንስ ገባለት» ተባለ። ቆይቶ ግን ሰፈሩ ራሱ ያን አፍንጫ መጠበቅ ያዘ። ሽቶ የተቀባች ሴት ከሩቅ ሰላም ትለዋለች። ጉንፋን የያዘው ሰው ሲያየው መንገድ ይሻገራል።

በረንዳው ላይ፣ ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ፣ በአናጢ እርሳስ አንድ መስመር አሰመረ። ሀሌሉያ ከእንቅልፏ ስትነሣ በመጀመሪያ ፖፖው ይሸተታል፣ ቀጥሎ ግንባሯ፣ ከዚያ እጇን እንደ ክንፍ ዘርግታ መስመሩ ላይ ትራመዳለች።

«መሣሪያው ዛሬ ምን አለ?» ትለዋለች ዞራ።

«ማታ እግሯን ሳትታጠብ ተኝታለች አለ።»

«ዋሸ! ተበላሽቷል! ይጠገን!» ትልና አፍንጫውን በሁለት ጣቷ ይዛ ትጠመዝዘዋለች። ሰባት ዓመት፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሳይሰለቻት።

በእነዚያ ዓመታት ሽታው አራት ጊዜ መጣ። አራቱንም ጊዜ ነጋሽ ቀደመው።

አንድ ነገር ግን ለማንም አልተናገረም። ሽታው የመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣ የተቃጠለ ስኳር አልነበረም። ሐኪሟ ከመጽሐፍ ያነበበችውን ነው የነገረችው እንጂ እሱ የሸተተው ሌላ ነው፤ የሚያውቀው፣ ስሙ ግን የጠፋበት። ልጅቷ ድና ከሆስፒታል ስትወጣ ቅዳሜ ገበያ ወርዶ ቅመም ሻጮቹ ዘንድ ከጆንያ ጆንያ እያነሣ ያሸት ጀመር። አንዱ ላይ ሲደርስ የዘገነውን መልሶ አሸተተ። አብሽ ነው። ቁርጥ አብሽ።

ለምን አልተናገረም? የሰፈር ልጆች ሥጋ ስለማትበላ አስቀድመው «ጾመኛዋ» ብለዋታል። ላቧ አብሽ ይሸታል ቢባል ስሟ አብሽ ሆኖ ይቀር ነበር። ሴት ልጅ ናት፤ ነገ ትዳራለች። ለሩቲ እንኳ «ራሴን ያመኛል» ብሎ አብሽን ከቤት አስወጣ። የተቃጠለው ስኳር እንደተባለው፣ የተቃጠለ ስኳር ሆኖ ቆየ። ለእናቱ፣ ጓሮ ባለችው የራሳቸው ክፍል ለሚኖሩት፣ የተከለከለው ሁሉ አንድ በአንድ ተነግሯቸዋል፤ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላ፣ ምስር። አብሽን ማን ከምግብ ቆጥሮ ይናገራል? አንድ ሰው ብቻ በር እየጠበቀ፣ የሌባውን መልክ ግን ለቤተሰቡ ሳይነግር ቀረ።

ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዞረ። ስንዴና ባቄላ። ነጋሽ ዘግኖ ያዘ። በዚህ ቤት ባቄላ የሚለው ቃል ራሱ በሹክሹክታ ነበር የሚነገረው፤ ዛሬ በሰፌድ ይዞራል። አንዷን ፍሬ አፉ ውስጥ አድርጎ የቀረውን ሰፌዱ ላይ መለሰው። ከኋላው ሁለት ሰዎች የማይሰማ መስሏቸው ያወራሉ።

«አፍንጫው ከዳው አሉ።»

«ጉንፋን ይዞት ነበር እንዴ?»

«ጠጥቶ አድሮ ነው የሚሉም አሉ።»

«ተው በእግዚአብሔር! ነጋሽ መች ይጠጣል?»

«እኔ አልኩ? ሰው ነው ያለው። መቼስ፣ የፈሩት ይደርሳል።»

ወደ ማታ፣ ሰው ሲሳሳ፣ ሩቲ ፊቷን ልትታጠብ ብላ ወደ ጓሮ ወጣች። ነጋሽ ተከተላት። ልጇ ስትታመም እሷ ገዘር ነበረች፤ እህቷ ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ለሦስት ቀን ሄዳ። በሚኒባስ ስትደርስ ሀሌሉያ ተከፍናለች። ከዚያ ወዲህ ለነጋሽ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አሁን ጆጉን ይዛ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣

«ረቡዕ ጠዋት ምን ሸተተህ?» አለችው።

ነጋሽ ከእግሩ ሥር የወደቀውን እንጨት አንስቶ አጥሩ ላይ አስደገፈው።

«ሌላ አልጠይቅህም። ይህችን ብቻ ንገረኝ። አሽትተሃታል?»

«አሽትቻታለሁ።»

«እና?»

«ሩቲ፣ አሁን ሰው...»

«እሺ» አለችና ውሃውን ሳትታጠብበት ደፋችው።

ረቡዕ ጠዋት የሆነው ይህ ነው። ሀሌሉያ ማክሰኞ ማታ ስትስል አመሸች። ነጋሽ ከሥራ ዘግይቶ ገብቶ፣ አያቷ ጋ ጓሮ ተኝታ አገኛት፤ ግንባሯ እምብዛም አይፋጅም። ሊነጋጋ ሲል ሄዶ ፖፖውን ሲያነሣ ሽታው መታው። ግንባሯን አሸተተ፣ ያው ነው። ደብዳቤውን ከሣጥን ሊያወጣ ሲሮጥ እናቱ በር ላይ ያዙት።

«ምን ሆነሃል? ምን አየህ?»

«ሸተተችኝ፣ እማዬ! መጣባት!»

«አይ የኔ ልጅ» ብለው ሳቁ፤ ጥርስ በሌለው ድዳቸው፣ በፍቅር። «እኔ ነኝ። ሳሉ እንዲለቃት ማታ አብሽ መትቼ አጠጣኋት። አሁንም ጨምሬላታለሁ። ብርጭቆው ያውልህ፣ አሽትተው።»

አሸተተው። ብርጭቆውና ልጅቷ አንድ ናቸው። ነጋሽ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እስኪያለቅስ ሳቀ። «አስደነገጣችሁኝ እኮ! እናንተ ሴቶች ትገድሉኛላችሁ!» አለ። ሀሌሉያን በረንዳ ላይ አቆማት። መስመሩ ላይ ስትራመድ ሁለት ጊዜ ሳተች። «እንቅልፌ ነው፣ መሣሪያው» አለችው። እሱም እንቅልፏ ነው ብሎ አመነ። የሰው ልብ ዕረፍትን አንዴ ከቀመሰ በኋላ መልሶ አይተፋም።

ትምህርት ቤት በር ሊገጥም ሄደ። ከቀትር በኋላ ሲመለስ እናቱ በጣታቸው ዝም አሰኙት፤ «ተኝታልኛለች፣ እያላባት ነው፣ ይወጣላታል።» ቢያነሣት አንገቷ አልቆመም። በባጃጅ ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ ደብዳቤውን አንብባ «መቼ ነው የጀመራት?» አለችው። ፀሐይ ስትጠልቅ አለፈች። አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር።

በሣልስቱ የሩቲ ዘመዶች ከገዘር በሚኒባስ መጡ። ቤቱ ሞላ። የእነሱ መዝሙር ከዚህኛው ሙሾ ጋር ተደባለቀ፤ ሩቲ የጴንጤ ልጅ፣ ነጋሽ የኦርቶዶክስ ልጅ ናቸው። እማማ ከበቡሽ ይህንን ጋብቻ ዓመት ሙሉ አኩርፈውበት፣ ሀሌሉያ ስትወለድ ነው የታረቁት። ዛሬ ለአማቾቻቸው ክብር ብለው ከፍራሹ መሀል ተቀምጠው ያንኑ ነገር ጀመሩ፤ «ከጉሮሮዋ የወረደው...»

ሩቲ ጭንቅላቷን ቀና አደረገች። በሦስት ቀን ውስጥ ይህን ወሬ በጆሮዋ እንጂ በልቧ አልሰማችውም ነበር።

«መቼ ነው የሰጧት፣ እማማ?»

«ማታም፣ ጠዋትም። ወዳው ነው የጠጣችው፣ ልጄ።»

«ነጋሽ ሳያሸታት በፊት?»

«አዎ፣ ብርጭቆውን እንኳ አሽትቷል! እስኪያለቅስ ሳቀብኝ እኮ...» አሉና በትዝታው ፈገግ አሉ።

ሩቲ ተነሣች። ጓሮ ገብታ ከአማቷ ክፍል የአብሹን ቆርቆሮ ይዛ ወጣች። ሴት በማትገባበት በኩል ወደ ድንኳኑ ገብታ፣ በሽማግሌዎቹ መካከል አልፋ፣ ነጋሽ ፊት ተንበረከከች። ክዳኑን ከፈተች።

«አሽትት።»

ማጎንበስም አላስፈለገውም። ሀሌሉያ ከቆርቆሮው ውስጥ ወጥታ ፊቱ ላይ ተነፈሰች።

«ይሄ ነው?»

ነጋሽ ቀና ሲል እናቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ለእንግዶቹ የውሃ ብርጭቆ የደረደሩበት ትሪ በሁለት እጃቸው ይዘው።

አዎ ማለት ፈለገ። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያች ቅጽበት ከምንም በላይ አዎ ማለት ፈለገ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን ያሙት ሁሉ ሰምተው ያፍሩ፤ አፍንጫዬ አልከዳኝም፣ ሰባት ዓመት ያጣሁት ሁሉ በከንቱ አልነበረም፣ ያቺ ሴትዮ ናት በአንድ ብርጭቆ ያፈረሰችው። እናቱን ጠላቸው። ሀሌሉያን በጀርባቸው ማዘላቸውን፣ ጸጉሯን መጎንጎናቸውን፣ ስሟን በየቅዳሴው መጥራታቸውን ሁሉ እያሰበ ጠላቸው። ቀጥሎም ሩቲን አየ። እሷ አትጮህም። ሽታውን የሸፈነው አብሽዎ ነው ብላ አንድ ጊዜ ብቻ ትነግራቸዋለች፤ ለሰባ ስድስት ዓመት አሮጊት አንድ ጊዜ ይበቃል። እና ደግሞ፣ የሌባውን መልክ ደብቆ የኖረው ማን ነው?

«አይደለም» አለ።

«ደግመህ አሽትት።»

«አይደለም አልኩሽ። የእሷ የተቃጠለ ስኳር ነው። ይሄ አብሽ ነው።»

«ታዲያ ጠዋት ምን ሸተተህ?»

«ምንም። አመለጠኝ።»

«ሰባት ዓመት ያላመለጠህ?»

«አመለጠኝ፣ ሩቲ። ሥራ ይረፍድብኛል ብዬ ቸኩዬ ነበር። በቅጡም አላሸተትኳት።»

ሩቲ ክዳኑን ዘጋችው። ጥብቅ አድርጋ ነው የዘጋችው፤ ሽታው ለእሷ ኖሮም አያውቅ። «ቸኩለህ» አለች፤ ቃሉን ከእሱ ተቀብላ እንደምታስቀምጠው ሁሉ። በማግስቱ ከዘመዶቿ ጋር ወደ ገዘር ሄደች። «ለጥቂት ቀን ናት፣ ትረጋጋ» አሉ ሽማግሌዎቹ። ልብሷን ከሣጥኑ ውስጥ አውጥታ ስትጨርስ ግን ነጋሽ ራሱ ነው ሣጥኑን የዘጋው።

በሰባተኛው ቀን እድሩ ድንኳኑን ነቀለ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሰው ብቻ ነው የመጣው። ከሩቅ፣ ከዲመካ የመጣች አንዲት ዘመድ ዘግይታ ደርሳ እማማ ከበቡሽን አቅፋ ስታለቅስ ቆይታ፣

«አብሽ አጠጥተዋት ነበር አሉ፣ እትዬ፤ እንኳን አጠጧት» አለቻቸው።

«እንጃ» አሉ እማማ ከበቡሽ። «አላስታውስም።»

ነጋሽ ዞር ብሎ አያቸው። እሳቸው አላዩትም፤ ጭናቸው ላይ ያለውን የነጠላ ጫፍ ይቋጥራሉ፣ ይፈታሉ። ከሣልስቱ ወዲህ ያን ወሬ ለማንም እንዳላወሩ ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። ለውሃ ወደ ጓሮ ሲወጣ የአብሹን ቆርቆሮ አገኘው፤ በአመድ ተፈትጎ፣ ታጥቦ፣ አጥሩ ላይ ተደፍቷል። አንስቶ ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ምንም የለውም። እንግዲያው ያ ሁሉ ውሸት ለማን ነበር?

በረንዳው ላይ፣ ከእርሳሱ መስመር አጠገብ ቁጭ አለ። መስመሩ መሀል መሀሉ ላይ በእግሯ ብዛት ጠፍቷል። ጋሼ ኤርጎ መጥቶ ጎኑ ተቀመጠ። የቡና ቅጠል ፈልቶ ቀረበላቸው፤ ጠጡ። ሽማግሌው ቆይቶ ቆይቶ ኪሱን ዳበሰ፣ ቆርቆሮውን በመዳፉ ሸፈነ፣ ጉልበቱን ይዞ እያቃሰተ ወደ ሙዙ ሊሄድ ተነሣ።

ነጋሽ የኮቱን ጫፍ ያዘው።

«እዚሁ ሳብ፣ ጋሼ።»

«አንተ እኮ...» አለ ኤርጎ። ተመልሶ ተቀመጠ። የቆርቆሮውን ክዳን ቀስ ብሎ፣ ድምፅ እንዳያሰማ አድርጎ ከፈተው።

ነጋሽ መዳፉን ዘረጋ።

ሽማግሌው መዳፉን አየው፣ ፊቱን አየው። ከዚያ በሁለት ጣቱ ቆንጥሮ፣ ለሕፃን መድኃኒት እንደሚለኩ አድርጎ፣ ትንሽዬ አኖረለት።